ጨው ያልረታው ላንድክሩዘር

ልጄ ሰይፈሚካኤል፣

የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አዳማ ላይ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ደህና ነን።

ላንድክሩዘራችንን የመተሐራ ጨዋማ ውሃ ከሥሩ አዝጎት ነበር። መካኒኩ ጉርሜሳ፣ «አባባ፣ ለቆራሌው ይስጡት» አለኝ። እምቢ አልኩ። ሦስት ሳምንት ከሥሩ ተኝቼ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቅኩ፤ ጸረ ዝገት ቀለምም ደረብኩበት። ትናንት በዓመታዊ ምርመራው ሻንሲውን በመዶሻ ሲመቱት እንደ ደወል ጮኸ፤ ቦሎውን ሰጡኝ። ጉርሜሳ ራሱ አጨበጨበልኝ።

እናትህን ከፊት አስቀምጬ እስከ ወለንጪቲ ነዳሁ። መንገድ ላይ «የማን መኪና ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። «የእኛ ነው» ስላት ሁለቱንም ጊዜ ደስ አላት።

ፋሲካን አትጠብቅ፤ በዚህ ወር ና። መናኸሪያ ድረስ በመኪናችን መጥተን እንቀበልሃለን።

እናትህ ዛሬ ስምህን ራሷ ጠርታ ሰላም በልልኝ ብላለች።

አባትህ አብተው