ቫርኒሽ ሲነካው

ሰኞ፣ ጥር 6። ከቀኑ 11 ሰ.
ዛሬም ብርጭቆ ወረቀት። የጣቶቼ ጫፍ አልቋል፤ ስልኬ አሻራዬን አልቀበል ብሏል። አባባ፣ የባሌ አባት፣ ዋንዛውን እንጨት በሚያሽከረክረው ቶርኖ ላይ ይቀርጻሉ፤ እኔ አለሰልሳለሁ። የሰርቦዋ የአዴ ዘሀራ ልጅ የሙሽርነት አልጋ እግሮች ናቸው። ሐሙስ ይጫናሉ።

ደብተሬ፣ የአባባን ሕግ ታውቀዋለህ። ከሻካራው ወረቀት ወደ መካከለኛው፣ ከዚያ ወደ ለስላሳው። በየመሀሉ ቶርኖው ይቆማል፤ በእጅ፣ በእንጨቱ ቁመት ይፈተጋል፤ የዙሪያው ጭረት የሚጠፋው እንዲህ ነው። ዛሬ ግን መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዋለ። ደግሞ ሳይሄድብኝ ልጨርስ ብዬ መካከለኛውን ዘለልኩት። ቶርኖውንም አላቆምኩም። አባባ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚያዩት በእሱ ነው። ማሻአላህ አሉ። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 9። ጠዋት
ትናንት የቀባሁት ቫርኒሽ ደረቀ። እግሮቹን ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት የሠራ ጭረት። ጣት ያላገኘውን ቫርኒሽ አወጣው። ጥላ ውስጥ ብዙም አይታይም ብዬ ራሴን አባበልኩ። ልፋቀው? መኪናው በር ላይ ቆሟል። እግሮቹን ራሴ አቀበልኩ። ተጫነ።

እሑድ፣ ጥር 12
አዴ ዘሀራ መጡ። አንዱን እግር በአንሶላ ጠቅልለው፣ በባጃጅ፣ እኛ ሰፈር ጊንጆ ድረስ። በራችን ላይ ፀሐይ ውስጥ አቆሙት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጡም። የሙሽራው ዘመዶች አይተው ተሳሳቁ፣ ልጄ ከጓዳ አልወጣም አለች ብለው ብቻ ነገሩን።

አባባ እግሩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ምንም እንዳልታያቸው ገባኝ። «የኔ መሮ ነው» አሉ። «ዓይኔ ደክሞ መስመር ጥሎበታል። እሷን እንዳትወቅሱብኝ።» እኔ መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ። ሴትየዋ ሲሄዱ ደግሞ ወደ እኔ ዞረው «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ስምሽን አበላሸሁት፣ አውፍ በይኝ» አሉ። እኔን! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14። ከቀኑ 9 ሰ.
ከእሑድ ወዲህ ቶርኖው አልተነሳም፤ አባባ ሊሸጡት ነው። ነገ ከሊሙ ገነት ሰው መጥቶ ያየዋል፤ ከተስማማው ይወስደዋል። ባሌ በስልክ ጥሩ ነው፣ ይረፉ አለኝ። እሱ ምን ያውቃል። ሥራ ከሌለ አባባ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ነው የሚያዩት።

ጠዋት የተመለሰውን እግር ፋቅኩት። በእጄ፣ በእንጨቱ ቁመት፣ አንድም ወረቀት ሳልዘል። ቫርኒሽ ጠብ አድርጌ ሞከርኩት፤ ንጹሕ ነው። ይህን ለአባባ ከሰጠሁ መናገር የማያስፈልገኝ መስሎኝ ነበር። ይህን ማሰቤ ራሱ ያሳፍራል። ዳሰሱት፣ ደጋግመው። «እኔ ያበላሸሁትን እንኳ አቃናሽው» አሉኝ፤ መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ላንተ መንገር ቀላል ነው። አትመልስልኝም፣ አታየኝም። አባባ በመስኮቱ ይታዩኛል፤ ለገዢው እንዲያምር ቶርኖውን በጨርቅ እየወለወሉ ነው። አሁን ካልተነሳሁ ነገም አልነሳም። የምጀምረው እንዲህ ነው፦ አባባ፣ መሮዎ አይደለም፣ ዓይንዎም አይደለም፣ እኔ…