ማራማ ከቁጠባው አልወጣችም

የተወደድሽ ልጄ ሮዌና፣

ጤናና ብርታት ከአንቺ አይለዩ፤ የእጅሽ ሥራ ይባረክ። እኔ እዚህ በጎር ከተማችን ደኅና ነኝ። አባትሽም ከጉንፋኑ ድኖ በግ ሸላቾቹን መቆጣት ጀምሯል።

ታላቅ የምሥራች አለኝ። የጎረቤታችን ልጅ ማራማ በቀድሞ ተማሪዬ በጋቪን ዳቦ ቤት ተቀጥራለች። እርሱ ግን የአሠሪነት ድርሻውን ላለመክፈል ሲል አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ከሚመዘገብበት የጡረታ ቁጠባ እንድትወጣ ይወተውታት ነበር። ገንዘቡን ለመጀመሪያ ቤት መግዣም ማውጣት ስለሚፈቀድ፣ ወደፊት ቤት ለመግዛት ያላት ተስፋ ያ ቁጠባ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ዳቦ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ገብቼ ለምን እንደሚወተውታት ጠየቅሁት።

«ቲቸር፣ ራሷ ናት እኮ ልውጣ ያለችው!» አለ።

«ውሸታም!» አለች ማራማ ከመጋገሪያው በኩል። «‹በሃያ ዓመትሽ ጡረታ ምን ይሠራልሻል?› ያልከኝ ማን ነው?»

«እኔንም አሠሪዎቼ እንዲሁ ብለው ሸውደውኛል፤» አሉ ሽማግሌው ሚስተር ዱጋል። «ይኸው በሰባ ዓመቴ የሰው ሣር አጭዳለሁ። ጋቪን፣ ያንተንም ግቢ ጭምር!»

ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። እኔም፣ «ግብሯን ቆርጠህ ለመንግሥት ታስገባለህ፤ ቁጠባዋንም ቆርጠህ ድርሻህን ትጨምርበታለህ። መውጣትና መቆየት የእርሷ ምርጫ ነው፤» አልሁት።

«እቆያለሁ!» አለች ማራማ።

ጋቪን ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ «እሺ ቲቸር፣ እከፍላለሁ፤» አለ። ትናንት ማራማ የእርሷም የእርሱም ድርሻ መግባቱን እየዘለለች መጥታ ነገረችኝ። አሸነፍን!

ልጄ ሆይ፣ አንቺም በቫንኩቨር አሠሪ ሆነሻል። አደራሽን፣ የሠራተኞችሽን ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይጠይቁሽ በወቅቱ አስገቢ። እናቶቻቸው ልጆቻቸውን ሲመርቁ አንቺንም ጨምረው ይመርቁሽ።

እናትሽ ኤድና