ሦስተኛው የኛ ነው

ይመርዬ፣

ከተለየኸን ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። እኛ ደህና ነን። ያንን የሚያፈሰውን የጓዳ ቆርቆሮ አስቀየርኩት። ማንጎው ዘንድሮ እንደ ጉድ አፍርቶ ነበር፤ አሶሳ ገበያ ይዤው ወጥቼ ለቡና መግዣ ሆኖኛል። ልጅህ ሰላም ወደ ስምንተኛ ክፍል አልፋለች። ወንድሟ አቤል እንዳንተ እየጮኸ ነው የሚያወራው፤ ጆሮው እንኳ ደህና ነው፣ ካንተ ለምዶት ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ ተቀይሜህ ነበር። በቀብርህ ቀን እንባ አልወጣኝም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ደርቄ ቆምኩ፤ ሰፈሩም ልቧ ድንጋይ ነው እያለ ሲያማኝ ከረመ። አልፈርድባቸውም። ጦርነቱን ቤታችን ድረስ ይዘኸው እንደመጣህ በምን ያውቃሉ? ገበያ መሐል የባጃጅ ጎማ የፈነዳ ጊዜ፣ አንገቴን ይዘህ ቦይ ውስጥ ወርውረኸኝ ላዬ ላይ ስትወድቅ ክንዴ ተሰበረ። ወጌሻው ሲያሸኝ የምታለቅሰው አንተ ነበርክ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። መጀመሪያ እሰድብሃለሁ፣ ከዚያ ትናፍቀኛለህ።

ስለ መድፉ የነገርከኝን አልረሳሁም። አንዱ መነጽሩ ላይ ዓይኑን ተክሎ አፈሙዙን ያስተካክላል፣ አንዱ ቅምቡላውን ተሸክሞ ያቀብላል፣ የመንጌ ወረዳው ጓደኛህ ሐሰን ያጎርሳል፣ አንተ የመተኮሻውን ገመድ ትስባለህ። አዛዡ እጁን ጣል ሲያደርግ ሁላችሁም አፋችሁን ትከፍታላችሁ፤ አለበለዚያ የጆሮ ታምቡር ይቀደዳል። መድፉ እንደ ደነበረ በሬ ወደ ኋላ ይዘላል፤ ከኋላው የቆመ ሰው ደረቱ ሲደቅቅ በዓይንህ አይተሃል። የምትመቱትን ሰው ግን አታዩትም። ኮረብታው ላይ ሆኖ የሚያየው ጓደኛችሁ በሬድዮ አለፈ ሲላችሁ ታሳጥራላችሁ፣ አልደረሰም ሲላችሁ ታስረዝማላችሁ። ሦስተኛው እላያቸው ላይ ያርፋል።

በቆሰልክበት ቀን ዝናብ ጥሎ የመድፉ እግር ጭቃ ውስጥ ተቀበረ። እንደተኮሳችሁ ቦታ መቀየር ነበረባችሁ፤ መኪናው ግን ጎትቶ ሊያወጣው አልቻለም። የነሱ የመጀመሪያ ቅምቡላ አልፏችሁ ከኋላ ወደቀ። ሁለተኛው ሳይደርስ ከፊታችሁ ፈነዳ። ሦስተኛው የማን እንደሆነ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃል? ሐሰን ዘሎ ላይህ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ፈንድቶ ጭሱ ሲገለጥ ገፋ ብታደርገው ከወገቡ በታች አልነበረም። ደሙ ጉሮሮህ ድረስ ገብቶ ነበር፤ አፍህን ከፍተህ ነበርና። እሱን በስቶ ያገኘህ ፍንጣሪ ደግሞ ጎንህ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ በመጨረሻ ወሰደህ።

ባለፈው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በባምባሲ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። የመጀመሪያው መብረቅ ቤታችንን አልፎ ወደቀ። ልጆቹ እንዳስተማርካቸው አፋቸውን ከፍተው መሬት ላይ ተኙ። ሁለተኛው ሳይደርሰን ከመንገዱ ማዶ ቀረ። ሰማይ አነጣጣሪ እንደሌለው አላጣሁትም። ግን እግሬ አልሰማኝም፤ ዘልዬ ልጆቹ ላይ ወደቅሁ። ጉልበቴ ጎኑን ሲመታው አቤል ጮኸ። እኔም ክንዴን ስትሰብረው ምን ይዞህ እንደነበር እዚያው ገባኝ።

ሦስተኛው ማንጎውን ከሁለት ሰነጠቀው። አፌ ተከፍቶ ነበርና በቀብርህ ቀን እምቢ ያለኝ ጩኸት ወጣ። ላቆመው አልቻልኩም። ጎረቤቶቻችን ከልጆቼ አንዱ የሞተብኝ መስሏቸው በዝናብ እየሮጡ ገቡ። ምን ሆንሽ ሲሉኝ፣ ይመር ሞተ አልኳቸው። ማንም አልሳቀብኝም፤ አብረውኝ ተቀምጠው እስኪመሽ አለቀሱልህ።

ቅያሜዬ ከዚያ ወዲህ የለም። የቆመውን የማንጎውን ግማሽ አላስቆርጠውም። ሐሰንንም ካንተ ለይቼ አላስብም፤ እሱ ባይወድቅብህ እነዚህ ልጆች አይወለዱም ነበር። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን እናስታውስሃለን።

እቴነሽ