የኅዳር ሚካኤል ማግሥት የተሰጠ ደም

ይድረስ በስዊድን አገር ለምትኖረው ለውድ ወንድሜ ለአትናቴዎስ ኃይለ ኢየሱስ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የአገሩ ጨለማና ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህስ፣ ፎቶዋን እየተቀባበልን የምንስማት ልጅህስ ደኅና ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም፤ ለዚህ ያደረሰን እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ቅዳሴ አላስታጎሉም። እማዬም ያው እማዬ ናት፤ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ እንቅልፍ የላትም። ዘንድሮ ውርጩ ቀደም ብሎ ቢመጣም ለክፉ አልሰጠንም።

ደብዳቤህን ከመሐል ሜዳ ፖስታ ቤት አምጥተው የሰጡኝ ዘመሮ ገበያ ላይ ነው። እዚያው ቆሜ አነበብኩት፤ አንብቤም ተናደድኩብህ። «የተወለድኩበት አገር ሰው እንደ ባዕድ አየኝ፤ ለጥናቴ ደም ሲጠየቅ በመጀመሪያው ቀን ፊቱን አዞረብኝ። ሥራው ቢሳካም ይህ ነገር ከሆዴ አልወጣም» ትላለህ። ከአዲስ አበባ የላክሃቸው ሰዎች የነገሩህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው። የቀረውን ከታላቅ እህትህ ከአመተሥላሴ ስማ፤ ከዚያ በኋላ ማዘንም መሳቅም ያንተ ፈንታ ነው።

እኔ መቼም ስለ አንተ ጠያቂ ካገኘሁ አፌን የሚያስይዘኝ የለም። ልጅ ሳለህ ገበያ ስንወጣ፣ ከመርሐቤቴ ቆላ ጥጥ ጭነው የሚመጡት ነጋዴዎች ዳገቱን ጨርሰው ሲያለከልኩ ሰው ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። አንተ አትስቅም። «እኛስ ለምን አናለከልክም?» እያልክ አባባን መግቢያ መውጫ ታሳጣቸዋለህ። ሌላው ልጅ ጥያቄውን እዚያው ገበያ ላይ ጥሎት ይመለሳል፤ አንተ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ይዘኸው ገባህ፣ አዲስ አበባ ይዘኸው ወረድክ፣ ባሕር ይዘኸው ተሻገርክ። ዶክተር የተባልክ ዕለት እልልታዬ ጎረቤት አስደነገጠ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የነበረው ጊዜ ነው። ሥጋችን የተገነባባቸው፣ በዓይን የማይታዩት ሕዋሳት በሳህን ላይ ስታሳድጋቸው እየሞቱብህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «እንደገና ጀመርኩ» እያልክ ስትጽፍልን ነበር። እናቱ የሞተችበትን ጠቦት ወተት እያጋትኩ ያሳደግሁ ሴት ነኝና ሥራህ ይገባኛል፤ እነሱን ለመመገብ እሑድም በዓልም የለህም። ዛሬ የራስህ ቤተ ሙከራ አለህ፣ ፈረንጆቹም «ምን እንሥራ?» ብለው አንተን ይጠይቃሉ። እንዴት አልኩራ!

ታዲያ እንዲህ ያለው ሊቅ ቀን መምረጥ እንዴት ያቅተዋል? «በኅዳር ሚካኤል ሂዱ፤ አያትም አባትም የልጅ ልጅም ባንድ አጸድ ታገኛላችሁ» ብለህ ላክሃቸው። አገኙን። ግን ሽማግሌዎቹና ልጆቹ በዚያ ጠዋት ቆርበው ነበር! የቆረበ ሰው በዕለቱ ምራቁን እንኳ እንደማይተፋ፣ እሾህ ወግቶ እንዳያደማው ተጠንቅቆ እንደሚውል፣ ዲያቆን ለነበረ ሰው እኔ ላስተምር? አንተ የቄስ ልጅ፣ ይህችን የት ጣልካት?

እንግዶቹ ከአጥሩ ውጪ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው መርፌያቸውን ይዘው ጠበቁ። መጀመሪያ ይሰጣሉ የተባሉት አባባ ቀድሰው ወጡ፤ አፋቸውን በነጠላ እንደሸፈኑ ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። እኛ ያልቆረብነው ጎልማሶቹ አባት ሳይቀድም ክንድ መዘርጋት ነውር መሰለን። ጎረቤታችን ወዳጆማ «መምሬ ለገዛ ልጃቸው ካልሰጡ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለ። ሌላው ቀጠለና «ፈረንጅ ደማችንን ሊሸጠው ነው» አለ። እንዲህ እንዲህ ሲባል ዋለ፤ አንዲት ጠብታ አልተቀዳችም።

ወደ ማምሻው ከእንግዶቹ ጋር የመጣው ሐኪም «ደሙን የምናቀዘቅዝበት በረዶ ሊሟሟብን ነው» ብሎ ዕቃውን ማሰር ጀመረ። ነርሷ እየሩስ፣ አሁን ከሄዱ ተመልሰው የሚመጡበት መኪናም ፈቃድም እንደሌለ፣ የብዙ ዓመት ሥራህም መና እንደሚቀር በጆሮዬ ነገረችኝ። ለአባባ ስነግራቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው ሮጠው የመኪናውን በር ያዙ። «ልጆቼ፣ ዛሬ ሥጋ ወደሙ ተቀብለናል፤ ዛሬ ደማችን የኛ አይደለም። ነገ በጠዋት የናንተ ነው፤ እደሩልን» አሉ። ሐኪሙ የሟሟውን በረዶ አሳያቸው። እማዬ ሳቀች። «በመንዝ፣ በኅዳር፣ በረዶ ቸገረኝ የሚል ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» ብላ የበረዶውን ከረጢቶች ተሸክማ ሄዳ ጓሮ አሰጣቻቸው። ሲነጋ ድንጋይ ሆነው ተገኙ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የሚካኤል ማኅበር ነበር። አባባ ጽዋው ሳይዞር ተነሡና «ልጄ የሚፈልገው ቆለኛው ዳገታችን ላይ ለምን እንደሚያለከልክ ነው። አየር ሲያንስ ሕዋስ እንዴት እንደምትኖር ከኛ ከደገኞቹ ደም ሊማር ነው። ትንፋሽ የሚያጥረው በሽተኛ በየአገሩ አለ፤ ለኛ የተሰጠን ለነሱ ቢተርፍ ምን ይጎዳናል?» አሉ። እኔ ደብዳቤዎችህን ደጋግመው የሚያስነብቡኝ ለናፍቆት ይመስለኝ ነበር። ለካ ትምህርቱን ሲማሩ ኖረዋል።

ዓርብ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ሰዉ ተሰለፈ። አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ፊት ተቀመጡ። እየሩስ ብልቃጧ ላይ ቁጥር ስትለጥፍ አይተው «ስሜን ጻፊ እንጂ! ልጄ በምን ያውቀኛል?» አሉ። «የጥናቱ ሕግ ነው አባቴ፤ የማን ደም እንደሆነ እሳቸውም ማወቅ የለባቸውም» አለቻቸው። ደስ አላላቸውም። ጥቂት አሰቡና «እንዳያዳላ ነዋ! መልካም። ዳኛ እንዲህ ነው» አሉ። ደማቸው ብልቃጧን ሲሞላ ትኩር ብለው እያዩ «አሥራ አንድ ዓመት ዓይኑን ያላየሁትን ልጅ ደሜ ቀድሞኝ ሊያየው ነው» አሉ። እየሩስ መርፌውን እንደያዘች አለቀሰች፤ እኔማ አትጠይቀኝ።

ይኸው ነው ወንድሜ። ማንም ፊቱን አላዞረብህም፤ ለአንዲት ቀን ጠብቀን ብቻ ነው ያለንህ።

እማዬ «ልጅህን ብርድ እንዳያገኛት፣ የበግ ጠጉር ፈትዬ የዝተት ብርድ ልብስ እያሠራሁላት ነው» ብላሃለች። ልጄ አርሴማ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ አጎቷን ትስማለች፣ በባዮሎጂም እንደምታኮራው ቃል ገብታለች። ወዳጆ ሰላም ብሎ «የኔ ደም ጎበዝ ሆኖ ተገኘ ወይ?» ሲል ይጠይቃል፤ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። አባባ ግን በቃል ሰላምታ አልላኩም፤ «የኔ በሣጥን ተልኳል» ይላሉ። የደሙ ሣጥን የመውጫ ፈቃድ እስኪያገኝ አዲስ አበባ እንደሚቆይ ጽፈህልናልና ይህ ወረቀት ሳይቀድመው አይቀርም። አባባ ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጦ የሚቀበል ልጅ አላሳደጉም። የትኛዋ ብልቃጥ የሳቸው እንደሆነች አታውቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም ብድግ በል።

እህትህ አመተሥላሴ ኃይለ ኢየሱስ
መንዝ፣ ዘመሮ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.