በመሳቄ ከሲኒማ አዳራሽ ስለ መባረሬ

ለተከበሩ የሲኒማ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ፈጣሪ ዕድሜና ጤና እንዲሰጥዎ የምለምነው ከልቤ ነው። በቤትዎ ደንብ መሠረት የበሽታ ስም በተነሳበት መሳቅ ነውር ስለ ሆነ፣ እርስዎ አንድ ቀን የታመሙ እንደ ሆነ ምን ዓይነት ጭር ያለ አልጋ እንደሚጠብቅዎ ሳስበው ያሳዝነኛል።

እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ፣ ዕድሜዬን በግንበኝነት የፈጀሁ ሽማግሌ ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት። የቢሮ ሰው ስለ ሆነች «አባባ፣ ለኃላፊ ሲጻፍ በቁጥር ነው፣ ስድብም አይገባበትም» ብላኛለች። ቁጥሩን ተቀብያለሁ።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ በሬዲዮ የተናገሩት ነገር ነው። ስለ ሁለቱ የካንሰር ሕመምተኞች ስለሚያወራው አስቂኝ ፊልም ሲጠየቁ፣ ገቢው ለመብራት እንኳ አልበቃም፣ ለዚህ ነው ቶሎ ያነሳነው፣ ሕዝባችን በከባድ በሽታ መሳቅ እንደማይፈልግ ትኬቱ ራሱ መስክሯል አሉ። ጋዜጠኛውም አመሰገነዎት። እኔም ሕዝብ ከሚባለው ውስጥ ስላለሁበትና ሳልጠየቅ ስለ ተመሰከረብኝ፣ የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ከበሩ በላይ ላሰቀሉት ትልቅ ሥዕል ምስጋናዬ ይድረስዎ። ፊቷን በመዳፏ ሸፍና የምታለቅስ ሴት ናት። እኔ እስካየሁት ድረስ ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት የለችም። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ያያታል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ከንፈር መምጠጥ በትኬት ቢሆን ኖሮ ገቢዎ ጣሪያ ይነካ ነበር።

፪. ፊልሙን ያሳዩት ረፋድ ላይ ብቻ ነው። ረፋድ ላይ ጤነኛው ሥራው ላይ ነው፣ ሕመምተኛው ሐኪም ቤት ወረፋ ይዟል። ማታውን «እጅግ አስቂኝ» ብለው ለለጠፉለት ለሌላኛው ፊልም ሰጡት። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ።

፫. አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። በአዳራሹ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ያስለጠፉትን እኔ ፊልሙን የሚያሞግስ መስሎኝ፣ እንዲያውም ራሴን ነቅንቄለት ነው የገባሁት። ኋላ እንደ ተነበበልኝ ከሆነ፣ ፊልሙ ስለ ከባድ ሕመም ስለ ሆነ ለሕሙማን ክብር ሲባል ተመልካቾች ከሳቅ እንዲቆጠቡ በትሕትና ያሳስባል። ክቡርነትዎ፣ እኔ ስንት ቤት ስገነባ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ በር የሌለው ቤት ሠርቼ ሰው አልገባም ብዬ በሬዲዮ ከስሼ አላውቅም።

ሁለቱ ሕመምተኞች የሬሳ ሣጥን ሊገዙ አናጢው ዘንድ ይሄዳሉ። ሁለት ስለምንወስድ ቀንስልን ብለው ይከራከራሉ። አናጢው ልኩን ግቡና ሞክሩት ይላቸዋል። አንደኛው ገብቶ ሲጋደም፣ ሕመሙ እንቅልፍ ነስቶት የከረመ ሰው፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጓደኛው ልቀስቅሰው ብሎ ያሳዝነዋል። ይህን ጊዜ ሣጥን ሊገዙ ያዘኑ ሰዎች ይገባሉ፣ ሰውዬውም ቀና ብሎ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላቸዋል። ሳቅሁ። በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ አውጥቼ የሳቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ሌሎቹ ማንበብ የሚችሉ ናቸው። ከፊቴ የተቀመጡት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ፣ አንዲት ሴትዮ መሐረቧን አፏ ውስጥ ስትጎሰጉስ አይቼ ምን ነካቸው ብዬ ነበር፤ ለካ ደንብ እያከበሩ ኖሯል። አስተናጋጅዎ መጥቶ ባትሪውን ፊቴ ላይ አበራና «አባባ፣ እባክዎ ለታመመ ሰው ይዘኑ» አለኝ። የታመመውማ ቤቴ ነው ያለው ብዬ ብነግረው አልሰማኝም። ክንዴን ይዞ አወጣኝ። የእርሱም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

፬. እዚህ ላይ ምራቴ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር፤ ጻፊ አልኋት። ባለቤቴ ካንሰር አለባት። ከታመመች ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሁሉ ድምፁን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ጎረቤት ያንሾካሹካል፣ እኅቷ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እኔም በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ ቀስ ብዬ መራመድ ጀምሬ ነበር። ያን ቀን ተባርሬ ስገባ «የት ከርመህ ነው?» ብትለኝ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው ነገርኋት። ሣጥን ውስጥ የተኛው ሰውዬ ጋ ስደርስ ሳቀች። እንደ ድሮዋ፣ ጎኗን ይዛ፣ «ተው አንተ ሰውዬ፣ ያመኛል» እያለች ሳቀች። ከዚያ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ።

ከዚያማ የእርስዎ ባትሪ መጣ።

ይዣት ልሄድ ስሰናዳ ፊልሙን አነሱት። እርሷ ግን ራት ስታበላት ምራቴን፣ ትራስ ሳስተካክልላት እኔን፣ «ከዚያስ? ቀነሰላቸው? ማን ቀደመ?» እያለች ትጠይቃለች። ከራሴ ፈጥሬ ብጨርስላት ነቃችብኝ። «ይሄ ያንተ ነው፤ አያስቅም» አለችኝ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ምሕረት አይደለም። ፊልሙን ለአንድ ምሽት ይመልሱት፤ ሥዕሉም ወረቀቱም ይነሳ። ጊዜዋ አጭር እንደ ሆነ ሐኪሙ ነግሮናል። እርሷም ታውቃለች፤ ማወቅ ያቃተው ሰፈሩ ነው። ለገቢዎ አያስቡ። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ አብረውን ለሚቀመጡት ሁሉ ግማሹን ነግሬአቸዋለሁ፤ አሁን እነርሱም እኔን ባዩ ቁጥር «ከዚያስ?» ነው የሚሉት። ፀጉሩ የረገፈው፣ ምርኩዝ የያዘው፣ በወንበር የሚገፋው፣ ትኬቱን ገዝቶ ይመጣል። ካልከፈቱልን ደግሞ ደጃፍዎ ላይ ተቀምጠን ግማሹን ላላፊ አግዳሚው እንነግራለን፤ ከንፈር የሚመጥጥልን ከመጣም እርሱም ላይ እንስቃለን። አዳራሹ ይናጋል ብለው አይስጉ። ያንን ግድግዳ ካቆሙት ግንበኞች አንዱ እኔ ነኝ፤ ሳቅ ይችላል።

ሕመምተኛን በጨለማ ውስጥ ዝም በማሰኘት ላሳዩት ክብር፣ ወገቤ የፈቀደልኝን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በአውራ ጣቴ ፈርሜአለሁ፤

ደንብ አፍራሹ ሽማግሌ፣ ከኋለኛው ረድፍ

ተጨማሪ፦ ይህ የባለቤቴ ቃል ነው፤ ከአልጋዋ ሆና ጨምሩልኝ ብላለች። «ወረቀቱን ሲያነሱት እንዳይቀድዱት። እኅቴ ልታዝናናኝ ብላ ያንን ማታ የሚያሳዩትን እጅግ አስቂኝ ፊልም ወስዳ አሳይታኛለች። እዚያኛው በር ላይ ይለጥፉት፤ ደንቡን የሚጥስ አንድ ሰው አላየሁም።»