ወንበሩ አልነበረም

ጌትዬ፣

ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ያን ቀን ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ ያነጋገረኝ ስለ አንተ ብቻ አልነበረም። የፕሮስቴት ካንሰር መሆኑንና አጥንትህ ውስጥ መግባቱን ነገረኝ። በአርባ አንድ ዓመት ሰው ላይ እንዲህ ተስፋፍቶ ማየቱ እሱንም እንዳስደነገጠው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ወንድም እንዳለህ ጠየቀኝ። አለው አልኩት። በዘር የሚመጣበት ጊዜ ስላለ እሱም ቶሎ ይመርመር አለኝ። ይህን ይዤ ወጣሁ፤ እስከ ዛሬም ለማንም አልተነፈስኩም።

በሞት ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ገባ። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ ወንድምህ ሰለሞን ቆርቆሮውን ቀየረልኝ። ውሃው እንደድሮው በፈረቃ ነው። መኪና ግርግር፣ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት መንገድ ላይ ያለውን የስፌት ቦታህን ሰለሞን ይዞታል። ካንተ ይፈጥናል፣ እጅጌ ላይ ግን አይደርስብህም። ደንበኞችህ ይህንኑ ፊት ለፊት ይነግሩታል፣ እሱም ይስቃል።

አንተ ለልብስ ልክ ትቆርጠው እንደነበረው ያለ ጋዜጣ አሁንም ያመጣልኛል። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል የለየሁት በእነዚያ ቁርጥራጮች አይደል? ዜናው የልብሱ ብብት የተቆረጠበት ጋ ሲደርስ ይቋረጣል፤ የቀረውን አንተ ከራስህ ፈጥረህ ትጨርስልኝ ነበር። ሚኒስትሩን ከአማቱ ጋር ያጣላህበትን ቀን ሳስታውስ ብቻዬን እስቃለሁ።

ወገብህን ሲያምህ ሁለታችንም የጠረጠርነው ወንበሩን ነው። እዚያ መንገድ ላይ ወገቡን የማያመው ሰፊ የት አለና! ኤረር በር ወዳለው አናጺ ወስደህ እግሩን አስቆረጥከው፤ እኔም ትራስ ሰፋሁለት። ለሽንት ደጋግመህ ስትነሳ ብርዱ ነው አልን። ትራሱን እስክትለምደው ስንል ጊዜው ሄደ።

ከሐኪሙ ተለይቼ ስመጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ ጠበቅኸኝ። ዓይንህን ሳይ ፈራሁና ኩላሊት ነው አልኩህ። ራስህን ነቀነቅህ። ከዚያ ወዲያ በዚያች ቃል ውስጥ ተዘግተን ኖርን። ጠያቂ ሁሉ ስለ ኩላሊት ያወራል፤ አንዷ የገብስ ውሃ፣ ሌላዋ ተልባ ይዛልህ ትመጣለች። እኔ እቀዳለሁ፣ አንተ አመስግነህ ትጠጣለህ። አንተ አትጠይቀኝም፣ እኔም አልነግርህም። ስቃይህ ሲበረታ እንኳ የምናለቅሰው ተራ በተራ፣ አንዳችን ወጣ ስንል ነበር። መጨረሻው ሲቃረብ እጄን ያዝከኝ።

"ሰፊዎቹ እንዳይሰሙ። ኩላሊት እንዳልሽው ይቅር፤ በማርያም በይኝ።"

በማርያም አልኩህ። ለካ ታውቅ ኖሯል። ለካ አንተም እኔን ስታስታምም ከርመሃል። የወንድ ገመና መቀለጃ በሚሆንበት ቦታ መዋልህን አውቃለሁና አልፈረድኩብህም።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ሰለሞን ያንኑ ወንበር ተሸክሞ በደጃችን አለፈ። ወዴት ትወስደዋለህ አልኩት።

"ኤረር በር፣ እትዬ። ወገቤን ጨረሰው እኮ፤ እግሩን ትንሽ ላስቆርጠው። ጌታቸው አሳጥሮት፣ እኔ አሳጥሬው፣ ኋላ የሕፃን መቀመጫ ይሆናል።"

እየሳቀ ነው የነገረኝ። ዘንድሮ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልነግረው ስል የማልኩልህ ትዝ አለኝ። ደህና ሂድ አልኩት። ጌትዬ፣ ደህና ሂድ ብዬ ሸኘሁት! ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ በኩል የመጣው ጉም መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ጀርባውን ወዲያው አጣሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ጠቦኛል። ልነግረው ሁለት ጊዜ የስፌት ቦታው ድረስ ሄጄ፣ ከጎኑ ካለው ሱቅ ክር ገዝቼ ተመለስኩ። መሐላዬን ፍታልኝ እንዳልልህ በሕይወት የለህም። ስለዚህ እኔው አፈርሰዋለሁ፤ የሚያስጠይቅ ከሆነም የምጠየቀው እኔ ነኝ። ምናልባት የሰለሞን ሕመም እውነትም የወንበሩ ይሆናል። ያን ግን ሐኪም ይንገረን እንጂ አናጺ አይንገረን። ከፈራ አብሬው እሄዳለሁ፤ አግዳሚው ላይም እኔ እቀመጣለሁ፤ ሕመሙን ምንም ቢሉት በስሙ እንጠራዋለን።

አንተን ግን አልረሳህም። በእጅህ የተቆረጠውን የመጨረሻ ጋዜጣ ከትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ፤ ዜናውንም እንዳንተው ከራሴ እጨርሰዋለሁ።

በአፌ ማለት ስላቃተኝ ጻፍኩት። ነገ ጠዋት፣ የስፌት መኪናው ፊት ሳይቀመጥ፣ እነዚህን ወረቀቶች ለወንድምህ ለሰለሞን እሰጠዋለሁ።