«ለጊዜው» አላልኩም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

«እስከ ቅዳሜ ድረስ ክፍልሽን ለሌላ መምህርት አስረክቢ።» ዳይሬክተሩ ይህን ያለኝ ቆሞ ነው፤ እኔም ቆሜ። ወንበር እንኳ አላሳየኝም።

ለምን? «ወላጆች ተቆጥተዋል።» በምን? «በተናገርሽው።» ምን ተናገርኩ? «እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

አዎ፣ አውቀዋለሁ። አንደኛ ክፍልን የማስተምረው በሀዲይኛ ነው፤ አማርኛ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ክፍል በሀዲይኛ መማሩን ይቀጥል ወይስ ወደ አማርኛ ይዙር? ሰዉ ሲጯጯህ ቆየና አንዱ አባት ተነስቶ «የምታስተምራቸው እሷ ናት፣ እሷ ትናገር» አለ። ተነሳሁ። ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ሀዲይኛው ይቆይ፣ አማርኛውም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጎን ለጎን ይሰጥ።» ተቀመጥኩ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ያን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ተመድቤያለሁ። በማዕረግ የተመረቀች አስተማሪ ሁለት መደርደሪያና አንድ የተሰበረ ወንበር ትጠብቃለች። ክፍሌ ከፊት ለፊት ነው። ልጆቹ በመስኮት አዩኝና «ቲቸር! ቲቸር ሙኒራ!» አሉ። ተተኪዋ መጋረጃውን ሳበችው።

አላለቀስኩም። ይህን ራሴ ጽፌ ማስቀመጥ አለብኝ፤ ሌላ ሰው ከጻፈው አለቀሰች ይላል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ቃለ ጉባኤውን አየሁት። ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው ያሳዩኝ። የጻፈው መምህር ጌታሁን ነው፣ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። እንዲህ ይላል፦ «መምህርት ሙኒራ፣ ሀዲይኛ ለጊዜው ይቆይ፣ አማርኛ ይሰጥ ብለዋል።»

ለጊዜው!

«ጌታሁን፣ ይህን ‹ለጊዜው› ከየት አመጣኸው?»

«ይቆይ አላልሽም?»

«ብያለሁ። ይኑር፣ ይቀጥል ማለቴ ነው።»

«እኔ ደግሞ ይዘግይ ያልሽ ነው የመሰለኝ። ግልጽ እንዲሆን ብዬ ጨመርኩበት።»

«ግልጽ እንዲሆን!»

«ታዲያ ይቀጥል አትይም ነበር? አማርኛ የምታስተምሪው አንቺ!»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ምሳ ይቆይ ከተባለ አይቀርብም፤ እንግዳ ይቆይ ከተባለ አይሄድም። ቃሉ ሁለት በር አለው። እኔ በአንዱ ገባሁ፣ ጌታሁን በሌላው አስወጣኝ። ቃሌን አጥርቼ አለመምረጤ የእኔ ጥፋት ነው። ያላልኩትን መጨመር ግን የእሱ ነው። ሰርዘው አልኩት። «የወላጅ ኮሚቴው ፈርሞበታል» አለ፤ የፈረሙበት ነገር ሁሉ እውነት የሚሆን ይመስል።

ይህ ብቻ ቢሆን በተሻለ። ከሥራ ስወጣ እትዬ ጥሩወርቅ ከጨርቃ ጨርቅ ሱቃቸው ጠሩኝ። ልጃቸው ሶስና የእኔ ተማሪ ናት። «ነይ እስቲ የኔ ጀግና! ከነሱ ወገን ሆነሽ እውነቱን አፈረጥሽው! ልጄ በማታውቀው ቋንቋ እየተማረች ደንቁራ ልትቀር ነበር» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

«ከነሱ ወገን።» እዚሁ ሆሳዕና ተወልጄ፣ ሆሳዕና ውስጥ እኔ «ከነሱ» ሆንኩ።

ዝም ብዬ ምስጋናውን ተቀብዬ መሄድ እችል ነበር። አልቻልኩም። ሀዲይኛው ይቅር እንዳላልኩ፣ ይቀጥል እንዳልኩ ነገርኳቸው። የዘረጉትን ጨርቅ ማጠፍ ጀመሩ።

«እንዲያ ነው? እኔ ደግሞ ሰው መስለሽኝ።»

«ሰውማ ነኝ። የእርስዎ ሰው ብቻ አይደለሁም።»

በአንድ ቀን የጠሉኝንም የወደዱኝንም አጣሁ። እግሬ ግን ቤት እስክደርስ አልከበደኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ዳይሬክተሩ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። «በስብሰባው ላይ የሰጠሁት አስተያየት የሕዝብን ስሜት የጎዳ በመሆኑ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ከታች ስሜ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

«ፈርሚና ሰኞ ክፍልሽ ግቢ።»

«ባልፈርምስ?»

«ቅዳሜ ወላጆች እንደገና ይሰበሰባሉ፤ ይነጋገሩበታል። ዝውውርም ሊሆን ይችላል። ሙኒራ፣ አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። አምናም ያቺ ያገባችው ልጅ ጉዳይ ላይ ግራም ቀኝም አላስደሰትሽም።»

አስታወሰኝ። አምና አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ተድራ በዓመቷ ልመለስ ብላ መጣች። ግማሹ መምህር «ሌሎቹን ታበላሻለች፣ አትገባም» አለ። ግማሹ «ባህል ነው፣ ዝም ብላ ትግባ» አለ። እኔ ትግባ፣ የዳሯትና ያገባት ግን በሕግ ይጠየቁ አልኩ። ዱላ ከክፍል ይውጣ ስልም እንዲሁ ነው፤ ሥርዓት ይውጣ አላልኩም። እነዚህ ነገሮች ምናቸው ይከብዳል?

«ማብራሪያ በራሴ ቃል እጽፋለሁ» አልኩት።

«ማብራሪያ ማን ያነብልሻል?»

«ራሴ አነበዋለሁ። ጮክ ብዬ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ። 

አባቴ ከሆሳዕና ወደ ጃጁራ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ይነዳል። ዛሬ ሁለት ተሳፋሪዎች ከኋላው ሆነው «ያቺ ቋንቋዋን የካደች አስተማሪ» እያሉ ሲያሙኝ ሰማ። ጃጁራ ድረስ መንዳቱን ቀጠለ። ሲወርዱ ዞሮ «አባቷ ነኝ። በሰላም አድርሻችኋለሁ» አላቸው። ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ ቆመና «ወላሂ ሙኒዬ፣ ምን ብለሽ ነው ግን?» አለኝ። አባቴም ጠየቀኝ!

አስረዳሁት። አባቴ ሀዲያ ነው፤ እናቴ የሀደሮ ልጅ፣ ከምባታ ናት። ሲጋቡ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም ነበር። የተጣሉትም የታረቁትም በአማርኛ ነው። እኔን አባቴ በሀዲይኛ ይቆጣኛል፣ እናቴ በከምባትኛ ትመርቀኛለች። ከሦስቱ አንዱን ጣይ ብትሉኝ የትኛውን ልጣል? ቁጣውን ወይስ ምርቃቱን?

የማብራሪያዬ ረቂቅ፦

ልጅ ፊደል የሚቆጥረው አፉን በፈታበት ቋንቋ ይሁን። ተማሪዬ ረሂማ በአማርኛው ሰዓት እስከ ሁለተኛው ወር ዲዳ መስላኝ ነበር። እኔም የአማርኛውን ክፍለ ጊዜ አማርኛ ብቻ እያልኩ አጨናንቄያት ኖሯል። አንድ ቀን ስለ ጥጃቸው በሀዲይኛ ጠየቅኳት፤ እስከ ዕረፍት ሰዓት አላቆመችም።

አማርኛ ከመጀመሪያው ቀን ጎን ለጎን ይሰጥ። ይህች ከተማ ገበያዋም ቢሮዋም በእሱ ነው የሚሠራው። ዘግይቶ የተሰጠው ልጅ ካደገ በኋላ በሰው ፊት ያፍራል።

ሶስናም አለች። ሀዲይኛ ቤቷ ውስጥ ሰምታ አታውቅም፤ ጥግ ይዛ አፌን ታያለች። እሷም የእኔ ልጅ ናት። እንደ እሷ ላሉት ልዩ የማጠናከሪያ ሰዓት ይመደብ፤ ካስፈለገ እኔ ከሰዓት በኋላ እሠራለሁ።

(ይህን የመጨረሻውን ላስቀረው? አላስቀረውም።)

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሄራሞ ቤት ድረስ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አራተኛ ክፍል እኔን አስተምረውኛል። እናቴ ሻይ አቀረበችላቸው፣ አልነኩትም።

«መሃል ሰፋሪ ሆነሻል አሉ።»

«እዚያው ስለተወለድኩ ነው ጋሼ።»

ሊስቁ ፈለጉ፣ ተዉት። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩኝ። በልጅነታቸው ግቢ ውስጥ ሀዲይኛ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ ጣውላ ተንጠልጥሎበት ይውል ነበር። ማታ ጣውላውን የሚያወርደው ሌላ ልጅ ሲናገር ይዞ ካስረከበ ብቻ ነው። «እኔ ማንን እንዳስያዝኩ ታውቂያለሽ?» አሉ። «ታናሽ ወንድሜን። ስለዚህ ሀዲይኛ ይቆይ ሲባል የት እንደሚያመኝ አትጠይቂኝ።»

 እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ ቀረች።

«ነገ ‹ተሳስቻለሁ› በያቸው። አንድ ቃል ናት። ሰኞ ክፍልሽ ትገቢያለሽ። እኔ ልጄ አድርጌ ነው የምመክርሽ።»

አንድ ቃል። የልጆቹን ድምፅ አራት ቀን በመጋረጃ ስሰማ ነው የከረምኩት፤ እንዴት እንዳጓጓኝ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ልል ነበር። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጋሼ፣ በዲክቴሽን ጊዜ አንድ ቃል ከራሴ ስጨምር ምን ያደርጉኝ ነበር?»

«አምስት ጊዜ አስጽፍሽ ነበር።»

«ጌታሁንንስ?»

 ቆባቸውን አነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ «አፍሽ አልተለወጠም» ብለው ሄዱ። ምርቃት ይሁን እርግማን አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አሁንም ጆሮዬ ይጮሃል።

አዳራሹ ሞልቷል። መስኮት ላይ የተቀመጡ አሉ። ዳይሬክተሩ «መምህርት ሙኒራ ይቅርታ ይጠይቃሉ» ብሎ ጋበዘኝ። «አልጠይቅም፣ አስረዳለሁ» አልኩ። ጉርምርምታ። አንዷ ከኋላ «ውይ ይቺ ልጅ!» አለች።

አነበብኩት። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ እዚያው ቆሜ ያንኑ በሀዲይኛ።  «ይቀጥል» የምለውን ሦስት ዓይነት አድርጌ ተናገርኩት፤ ማንም ምንም የሚጨምርበት ቀዳዳ አልተውኩም። ስጨርስ ያልጠበቅኩት መጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ተነስቶ «እኔ ተሳፋሪ ‹ቆይ› ሲለኝ አቆማለሁ፤ ለካ ሰዉ አብረን እንቆይ እያለኝ ነበር!» አለ። ሳቁ ጣራውን አነሳው። ጌታሁንም ሳቀ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ።

ጋሽ ሄራሞ ተነሱ። «‹ለጊዜው› የሚለው ይሰረዝ። እሷ ያላለችውን ነው የፈረምነው፤ እኔም ፈርሜያለሁ» አሉ። ጌታሁን እዚያው ሰረዘው፤ በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጎ። ደስታዬ ግን አልረዘመም። «ይህ ማለት በሐሳቧ እስማማለሁ ማለት አይደለም» ብለው ቀጠሉ። «እስከ ሦስተኛ ክፍል ሀዲይኛ ብቻ። ሀዲይኛው ገና ሳይዳብር አማርኛ ይውጠዋል።» ጥሩ። ያልኩትን ሰምተው ካልተስማሙ ጥሩ ነው። ከዚህ በኋላ ክርክር ነው፤ ክርክር አልፈራም።

እትዬ ጥሩወርቅ አልሳቁም። «ማጠናከሪያ አያስፈልገኝም፤ ልጄን ወደ ሌላ ክፍል አዛውራለሁ» አሉ። ሦስት ወላጆች እጃቸውን አብረው አወጡ። ይህ አመመኝ። ከዝውውሩ ወሬ ይልቅ ይህ አመመኝ።

ዳይሬክተሩ «የይቅርታው ነገርስ?» አለ። አንዳንዱ «ምን አጠፋች?» አንዳንዱ «ለጠፋው ጊዜ ትጠይቅ» አለ። ስምምነት ጠፋ። ክፍሌን በተመለከተ «ዳይሬክተሩ ይወስን» ተባለና ሁሉም ወደ ገበያው ተበተነ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ምንም የለም። ስልክም ደብዳቤም። እናቴ ሸሚዜን እየተኮሰች «ከአገር ሁሉ መርጠው ሀደሮ ቢያዛውሩሽ ብዬ ለአክስትሽ ደወልኩ፤ አልጋ አለ ብላለች» አለችኝ። ቀልዷን ነው ብዬ ሳቅኩ። ደውላ ነበር!

ፈርቻለሁ። ይህንንም ልጻፈው። ሁለት አማራጭ አስቀመጥኩ፦ ሰኞ ደብዳቤ እስኪመጣ ቤተ መጻሕፍት መጠበቅ፤ ወይም ክፍሌ መግባት። እስከ ቅዳሜ ነበር የተባልኩት። ቅዳሜ አልፏል። በጽሑፍ የደረሰኝ እገዳ የለም። አማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ «እስከ» ማለት እስከ ነው።

የነገውን ትምህርት አዘጋጀሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ገባሁ።

ተተኪዋ ደጃፍ ላይ አገኘችኝ። እንጣላለን ብዬ ትከሻዬን አጥብቄ ነበር። «ኧረ ተረከቢኝ፤ ሃምሳ ስምንት ሆነው እንዴት ነው የምትችያቸው?» ብላ የስም መጥሪያውን እጄ ላይ አስቀመጠች። መጋረጃውን ከፈትኩት። ስም ጠራሁ። አራት ወንበር ባዶ ነው፤ አንዱ የሶስና። ሃምሳ አራቱ ግን አቤት ሲሉ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ መጣና ቆመ። እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። የእኔ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። ጠመኔዬን አላወረድኩም። ልጆቹ ተነስተው ሰላም አሉት፣ ተቀመጡ፤ እኔም ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ጽፌ ስመለስ አሁንም አለ። አየኝ፣ አየሁት። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ጥያቄ ጠየቀች፤ ለእሷ መለስኩላት። ቀና ስል በሩ ላይ ማንም የለም።

ውጪ አልጠራኝም። ግቢም ውጪም አላለኝም። ከሰዓት በኋላ በቢሮው በር ሳልፍ «የወሩን ዕቅድ አላስገባሽም» አለኝ፤ ይኸው ብቻ። ዕቅድ የሚጠየቀው የሚቀጥል ሰው መሰለኝ። ወይም ማንም ይጠየቃል። አላውቅም።

ዕቅዱን ጽፌዋለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ፣ ቀን በቀን። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ አስገባና ክፍሌ እሄዳለሁ።